የተጻፈ ሲዲና ዲቪዲ የአጻጻፍ ጥራትን ስለ መመርመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሠርግና ኒካህ የሚቀርጹ ቪዲዮ ቤቶች፣ መዝሙርና መንዙማ የሚያባዙ ሱቆች፣ እንዲሁም የቆዩ ፎቶዎችንና ሰነዶችን በዲስክ የሚያስቀምጡ ግለሰቦችና መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። መልሶቹ የተጻፉት ዲስክ ራይት ማድረግን ለሚያውቅ፣ ነገር ግን የጻፈውን ዲስክ መርምሮ ለማያውቅ አንባቢ ነው።

ሁሉም ነገር በፍላሽና በስልክ በሚዘዋወርበት ዘመን የዲስክ ጥራትን መመርመር ምን ይጠቅማል?

ዲስክ ከዕለት መገልገያነት ወጥቶ ማስቀመጫ ስለ ሆነ ጥቅሙ ከቀድሞው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ዛሬ ዘፈን ለመስማት ሲዲ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ ግን አሁንም ከአልበሙ ጋር በዲቪዲ ይሰጣል፣ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስልም ለታካሚው በሲዲ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያሉ ዲስኮች ከመሳቢያ የሚወጡት ከዓመታት በኋላ፣ ያውም ሌላ ቅጂ በሌለበት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ተጽፎ ከተዘጋ በኋላ ቫይረስ አይገባበትም፣ በስህተትም አይሰረዝም። በአንጻሩ ከመነሻው በደንብ ያልተጻፈ ከሆነ ቀስ በቀስ ሲደክም ለተጠቃሚው ምንም ምልክት አይሰጥም።

«የአጻጻፍ ጥራት» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

በባዶ ዲስክ ውስጥ ከግልጹ ፕላስቲክ ጀርባ የማቅለሚያ ንጣፍ፣ ከእርሱም ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ስስ የብረት ንጣፍ አለ። የድራይቩ ሌዘር በሚጽፍበት ጊዜ ማቅለሚያውን በየቦታው በሙቀት ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ቦታ ብርሃንን አሳንሶ ሲመልስ ያልተነካው ቦታ አብዝቶ ይመልሳል። መረጃው የተቀመጠው በእነዚህ ምልክቶችና በመካከላቸው ባሉት ክፍተቶች ርዝመት ነው። አንድ ምልክት ሊኖረው ከሚገባው ርዝመት ጥቂት ቢረዝም ወይም ቢያጥር፣ ወይም ጠርዙ ቢደበዝዝ፣ የሚያነበው ድራይቭ አንዱን ርዝመት ከሌላው ጋር ያምታታል። በዚህ መሠረት የአጻጻፍ ጥራት ማለት ምልክቶቹ ከታሰበው ርዝመት ምን ያህል ሳይርቁ እንደ ተጻፉና በንባብ ጊዜ ስንት ስህተት እንደሚያስከትሉ ማለት ነው። የምስሉ ጥራት ወይም የድምፁ ጥራት ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ በደካማ ካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ እጅግ በተዋጣለት ዲስክ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ነገር አለ። እያንዳንዱ ሲዲና ዲቪዲ ከመረጃው ጋር የስህተት ማረሚያ ኮድ ይዞ ስለሚጻፍ፣ ሙሉ በሙሉ ከስህተት የጸዳ ዲስክ የለም። ድራይቩ በየሰከንዱ ብዙ ስህተቶችን እያረመ ለእኛ ንጹሕ መረጃ ያቀርባል። ማረሚያው እስከ ቻለ ድረስ አሥር ስህተት ያለበት ዲስክም ሁለት መቶ ስህተት ያለበት ዲስክም በቴሌቪዥን ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ ልዩነታቸው የሚገለጠው ጭረትና እርጅና ሲጨመርባቸው ነው። ምርመራ የሚያስፈልገውም ማረሚያው የሚሸፍነውን ቁጥር ገልጦ ለማየት ነው።

ፕሮግራሙ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ካለኝ አይበቃም?

አይበቃም። ያ መልእክት የሚናገረው ድራይቩ ጽሕፈቱን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው መድረሱን ብቻ ነው። ከዚያ የሚሻለው ከጽሕፈት በኋላ የተጻፈውን ከዋናው ጋር የሚያስተያየው «ቬሪፋይ» የሚባለው ምርጫ ነው፤ ኢምግበርንና ኔሮ በተባሉት የመጻፊያ ፕሮግራሞች ይገኛል፣ ሁልጊዜም በርቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። ሆኖም እርሱም የሚነግረን መረጃው ዛሬ፣ በዚህ ድራይቭ መነበቡን እንጂ ለመነበብ ምን ያህል እርማት እንዳስፈለገው አይደለም።

በምርመራ ጊዜ የሚቆጠሩት ስህተቶች የትኞቹ ናቸው? ወሰናቸውስ ስንት ነው?

በሲዲ ላይ ማረሚያው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ስህተት የተገኘባቸው ክፍሎች «ሲ-1» ተብለው ይቆጠራሉ። ሲዲ በመደበኛ ፍጥነት ሲነበብ በሰከንድ 7,350 ክፍሎች ያልፋሉ፤ በደረጃ መስፈርቱ መሠረት ስህተት ያለባቸው ክፍሎች በ10 ሰከንድ አማካይ በሰከንድ ከ220 መብለጥ የለባቸውም፣ ይህም 3 በመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ያቃተው ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ «ሲ-2» ይባላል። አዲስ በተጻፈ ዲስክ ላይ ሲ-2 ዜሮ መሆን አለበት፤ በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም። ሲ-1 ግን ወሰኑን ስላላለፈ ብቻ «ጥሩ ነው» ማለት ልቅነት ይመስለኛል። መልካም ዲስክ ከመልካም ድራይቭ ጋር ሲገናኝ አማካዩ ከ10 በታች ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ አማካዩ 100 የሆነ አዲስ ዲስክ ሕጉን ቢያሟላም ለማስቀመጫ የሚመረጥ አይደለም።

የሲዲው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የዳታ ሲዲ ከሁለቱ ደረጃዎች በላይ ሦስተኛ የማረሚያ ኮድ አለው፤ የሙዚቃ ሲዲ ግን የለውም፣ ማጫወቻው ሊታረም ያልቻለውን ድምፅ ከጎን ካለው ገምቶ ይሞላዋል። ቪሲዲ (ቪዲዮ የተጻፈበት ሲዲ) ደግሞ የምስሉ ክፍል ያለዚህ ሦስተኛ ኮድ ስለሚጻፍና ምስል እንደ ድምፅ በግምት ስለማይሞላ፣ በሌላ ዲስክ ላይ ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችለው ጉዳት በእርሱ ላይ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ምስሉ በካሬ በካሬ ይቆራረጣል ወይም ይቆማል። የቆዩ የአማርኛ ፊልሞችንና የመንፈሳዊ ዝግጅት ቅጂዎችን በቪሲዲ የያዘ ሰው ምርመራውን ከእነዚህ ቢጀምር ይመከራል።

በዲቪዲ ላይ መረጃው 32 ኪሎባይት በሚይዙ ጥቅሎች ይደራጃል፤ እያንዳንዱ ጥቅል 208 ረድፎች አሉት። ስህተት የተገኘበት ረድፍ «ፒአይኢ» ይባላል፤ በስምንት ተከታታይ ጥቅሎች ውስጥ ድምሩ ከ280 መብለጥ የለበትም። በረድፍ ማረሚያው ሊስተካከል ያልቻለው «ፒአይኤፍ» ይባላል፤ በተግባር የተለመደው ወሰን በአንድ ጥቅል 4 ነው። ይህንንም በአምድ የሚሠራው ሁለተኛው ማረሚያ ካልቻለው መረጃው ጠፍቷል ማለት ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን ላስቀድም ለሚል ሰው መልሴ ፒአይኤፍ ነው፤ የመጀመሪያው የድካም መጠንን ሲያሳይ ሁለተኛው ለመውደቅ ምን ያህል እንደቀረበ ያሳያል።

ከእነዚህ ጋር አንዳንድ ፕሮግራሞች «ጂተር» የሚባለውን በመቶኛ ያቀርባሉ። ይህ የምልክቶቹ ጠርዝ ከትክክለኛ ቦታው የሚዋዥቅበት መጠን ነው። የዲቪዲ ደረጃ ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የቤት ድራይቮች የሚሰጡት ቁጥር በላቦራቶሪ መሣሪያ ከሚለካው ጋር ስለማይገጥም፣ አንዱን ዲስክ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ብቻ ይጠቀሙበት።

የትኛው ድራይቭና የትኛው ፕሮግራም ያስፈልጋል?

ስህተት መቁጠርን ሁሉም ድራይቭ አይፈቅድም፤ በዚህ ሥራ የሚታወቁት የላይትኦን፣ የቤንኪውና የፕሌክስተር ድራይቮች ናቸው። ከፕሮግራሞቹ ኔሮ ዲስክስፒድ ለጀማሪ የሚመች ሲሆን፣ ኬፕሮብ ለላይትኦን፣ ፕሌክስቱልስ ለፕሌክስተር ተብለው የተሠሩ ናቸው። ኦፕቲ ድራይቭ ኮንትሮል በክፍያ ይሸጥ የነበረ ነው፤ ሊኑክስ ለሚጠቀም ደግሞ ኪውፒኤክስቱል አለ።

አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲገላገሉት ድራይቩን አብረው አይጣሉት። ከጥገና ቤት በርካሽ የሚገኝ ያገለገለ የላይትኦን የዴስክቶፕ ድራይቭ፣ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚያገናኝ መቀየሪያና በራሱ የኃይል ምንጭ ታግዞ ከላፕቶፕ ጋር ይሠራል። አዲስ ከሚገዛ ቀጭን ውጫዊ ድራይቭ ይልቅ ለምርመራ እርሱ ሊሻል ይችላል።

ምርመራውን እንዴት ላካሂድ? የሚወጣውንስ ሥዕል እንዴት ላንብብ?

ዲስኩን ከአቧራና ከጣት አሻራ አጽድተው ያስገቡ፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን ይዝጉ፤ ፍጥነቱን ይወስኑና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስኬዱት። ለዲቪዲ 8 ኤክስ (የመደበኛው ፍጥነት ስምንት እጥፍ) የተለመደ ነው። ዋናው ነገር የመረጡትን ፍጥነትና የመረጡትን ድራይቭ ሁልጊዜ አለመቀየር ነው፤ በ4 ኤክስና በ16 ኤክስ የተገኙ ቁጥሮች እርስ በርስ አይወዳደሩም። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በአንድ ጥቅል ይሁን በስምንት ጥቅል ድምርም ያረጋግጡ፤ ይህን ሳያስተውል «ፒአይኤፍ 12 ሆነብኝ» ብሎ ጤነኛ ዲስክ የጣለ ሰው አይጠፋም።

ሥዕሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዲስኩን ከመሃል ወደ ዳር ይከተላል። በመሃል ዝቅ ብሎ ወደ ዳር እየወጣ የሚሄድ መስመር በአብዛኛው የፍጥነት ችግር ነው፤ ድራይቩ ወደ ዳር ሲደርስ ፈጥኖ ስለሚጽፍና ዲስኩም በዳሩ ላይ ይበልጥ ስለሚወዛወዝ ነው፤ በተጨማሪ የማቅለሚያው ንጣፍ በዳር ላይ እኩል ያልተቀባ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቦታ ብቻ ተነሥቶ ወዲያው የሚወርድ ሹል ዘንግ አቧራን፣ አሻራን ወይም ጭረትን ያመለክታል፤ ዲስኩን አጽድተው ደግመው ሲመረምሩ ከጠፋ ነገሩ ያበቃል። ከተወሰነ ቦታ ጀምሮ በድንገት ከፍ ብሎ የሚቀጥል ደረጃ ድራይቩ በዚያ ቦታ የጽሕፈት ፍጥነቱን መለወጡን ይጠቁማል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍ ያለ ሥዕል ግን ድራይቩና ዲስኩ እንዳልተስማሙ የሚያሳይ ነው፤ የዲስኩን ዓይነት ወይም ድራይቩን መቀየር እንጂ ማጽዳት አይረዳውም።

ማንኛውም ውጤት የዲስኩና የሚያነበው ድራይቭ የጋራ ውጤት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሌንሱ የደከመ ድራይቭ ጤነኛውን ዲስክ በሽተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥሩ መሆኑን የሚያውቁትን አንድ ዲስክ ለይተው ያስቀምጡና ድራይቩን በየጊዜው በእርሱ ይፈትሹት።

ኔሮ ዲስክስፒድ የሚሰጠው ነጥብ 95 ሆነ። ልተማመንበት?

ነጥቡ የሚወሰነው በዲስኩ ላይ በታየው ከፍተኛው የፒአይኤፍ ቁጥር ስለሆነ፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ያስነሣችው ዘንግ ነጥቡን ታወርደዋለች፤ በሌላ በኩል ብዙ መጠነኛ ስህተት የተከማቸበት ዲስክ ጥሩ ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ነጥቡን ትተው ሥዕሉንና ድምሩን ይመልከቱ።

ስህተት የሚቆጥር ድራይቭ ባላገኝስ?

በማንኛውም ድራይቭ የሚሠራ ሌላ ዘዴ አለ፤ የንባብ ፍጥነት ፈተና ይባላል። ፕሮግራሙ ዲስኩን በሙሉ ፍጥነት እያነበበ መስመር ይሥላል። ከመሃል ወደ ዳር ሳይሰበር ቀስ ብሎ የሚወጣ መስመር መልካም ነው። ድራይቩ ለማንበብ ሲቸገር ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ መስመሩ በሚወድቅባቸው ቦታዎች ስህተት መብዛቱን መገመት ይቻላል። ይህ ዘዴ ለስህተት ቆጠራ ምትክ አይሆንም፤ ነገር ግን አፋፍ ላይ የደረሰ ዲስክን ለይቶ ያወጣል፣ ለአብዛኛው ቪዲዮ ቤትም ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር ደንበኛ ቤት ሊኖር የሚችለውን የቆየ ዴክ አንድ ማስቀመጥና የተጻፈውን ዲስክ መጨረሻው አካባቢ ማጫወት ጠቃሚ ነው። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ አይቶ ማስረከብ ግን ምርመራ አይባልም፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ያለው በመሃል፣ ብዙውን ጊዜ በጣም ጤነኛ በሆነው ክፍል ነው።

በስንት ኤክስ ልጻፍ? ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል?

ይህ በጣም ከተለመዱት የተሳሳቱ ግምቶች አንዱ ነው። የዛሬ ዲስኮች ማቅለሚያ ለከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ የተቀመመ ስለሆነ፣ 52 ኤክስ የተባለን ሲዲ በ4 ኤክስ መጻፍ ወይም 16 ኤክስ የተባለን ዲቪዲ በ2 ኤክስ መጻፍ አንዳንድ ጊዜ ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ ብዙ ድራይቮችም እንዲህ ያለውን ፍጥነት ጭራሹን አይፈቅዱም። በሌላው ጫፍ፣ ዲቪዲ በ16 ኤክስ ሲጻፍ በደቂቃ ከ9,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ትንሿ መወዛወዝ ትጎላለች። መካከለኛው መንገድ ለ16 ኤክስ ዲቪዲ 8 ኤክስ፣ ለ52 ኤክስ ሲዲ ከ16 እስከ 24 ኤክስ ነው። ይህም መነሻ ብቻ ነው፤ ከአንድ ጥቅል ሁለት ዲስክ ወስደው በ8ና በ12 ኤክስ ጽፈው ቢያወዳድሩ የእርስዎ ድራይቭ የሚወደውን ፍጥነት ያገኛሉ።

ያው ስም ያለበትን ዲስክ ከጅማ መርካቶ ሁለት ጊዜ ገዛሁ፤ የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ተበላሸ። ለምን?

በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ዲስኩን ማን እንደሠራው አይናገርም። ብዙ የንግድ ስሞች ከተለያዩ ፋብሪካዎች ገዝተው የራሳቸውን ምልክት ያትማሉ፤ በዚህ ዓመት ከአንዱ፣ በሚቀጥለው ከሌላው ይገዛሉ። እውነተኛውን አምራች የሚጠቁመው በባዶው ዲስክ ላይ በፋብሪካ የተቀመጠ የአምራች ኮድ ነው። ዲቪዲ አይደንቲፋየር የሚባለው ፕሮግራምና ኢምግበርን ይህን ኮድ ያሳያሉ። ለምሳሌ 16 ኤክስ ዲቪዲ ላይ «ኤምሲሲ 004» የሚትሱቢሺ ኬሚካል፣ «ቲዋይጂ03» የታዮ ዩደን፣ «ሲኤምሲ ማግ ኤኤም3» የታይዋኑ ሲኤምሲ ማግኔቲክስ ናቸው። ኮዱ ከስም በላይ ጥቅም አለው፦ ድራይቩ ሌዘሩን በምን ኃይልና በምን ስልት እንደሚያበራ የሚወስነው ኮዱን ተመልክቶ በውስጡ ካለው ዝርዝር ጋር አመሳክሮ ነው። ኮዱን የማያውቀው ከሆነ በአጠቃላይ ስልት ይጽፋል፣ ውጤቱም ይወርዳል። የድራይቩን ፈርምዌር (በውስጡ ያለውን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ማደስ አንዳንድ ጊዜ ጥራትን የሚያሻሽለው ይህን ዝርዝር ስለሚያሰፋው ነው።

ኮዱም ቢሆን ፍጹም ማስረጃ አይደለም። የታወቀ አምራች ኮድ ያስቀመጡ አስመሳይ ዲስኮች በዓለም ገበያ ታይተዋል፤ በተጨማሪም የኢንዱስትሪው ባለቤትነት ተቀያይሯል። ታዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከዘርፉ ወጥቷል፤ ቨርባቲም የሚለውን ስም ሲኤምሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሚትሱቢሺ ኬሚካል ገዝቶታል፤ ሶኒም ባዶ ብሉሬይ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሟል። ከአሥር ዓመት በፊት ስለ አንድ ስም የተነገረ ምስጋና ዛሬ ለሚሸጠው ዲስክ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ የጅማ ቡና ነጋዴ ከጆንያው ናሙና ሳይወስድ ዋጋ እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ ካርቶን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥቅል ብቻ ይውሰዱ፤ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንዳንድ ዲስክ ጽፈው ይመርምሩ፤ ውጤቱ ካረካዎት በዚያው ሳምንት ከዚያው ዕቃ ቀሪውን ይግዙ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ዕቃ ሲያልቅ የሚተካው ተመሳሳይ መሆኑን ሻጩ ራሱ አያውቅም፤ በዚህ ረገድ እርሱን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጥቅል ግን አይውሰዱ፤ ባዶ ዲስክም ያረጃል።

የዲስኩን ቀለም አይቼ ጥራቱን መለየት እችላለሁ?

አይችሉም። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ወርቃማ የሚመስለው መልክ የማቅለሚያውና የብረት ንጣፉ ድምር ነው። በሲዲ ላይ በዋናነት ሦስት ዓይነት ማቅለሚያዎች አሉ፦ ሳያኒን፣ ታሎሳያኒንና አዞ። ከእነዚህ ታሎሳያኒን ብርሃንን በመቋቋም የተሻለ ስም አለው፤ ሆኖም በግዴለሽነት የተቀባ ታሎሳያኒን በጥንቃቄ ከተቀባ ሳያኒን አይበልጥም።

መብራት በጽሕፈት መሃል ቢጠፋ ዲስኩ ይተርፋል?

አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ከሆነ በአብዛኛው አይተርፍም። ዳታ ሲዘገይ ጽሕፈቱን አቁሞ የሚቀጥለው በርን-ፕሩፍን የመሰለ ጥበቃ የተሠራው ኮምፒውተሩ ለሚዘገይበት ሁኔታ እንጂ ድራይቩ ራሱ ኃይል ለሚያጣበት አይደለም። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ መፍትሔ ነው። ድራይቩ የሚሠራው በዩኤስቢ ኃይል ከሆነ ደግሞ ሁለት ጫፍ ያለውን ገመድ ሁለቱንም ይሰኩ፤ የኃይል ማነስ ጽሕፈቱን ሳያቋርጥ ጥራቱን ብቻ ሊያወርድ ይችላል፣ ይህም ከመቋረጥ የከፋ ነው፣ አይታወቅምና።

ኮምፒውተር ያነበበውን ዲስክ ዴክ እንቢ ይላል። የአጻጻፍ ጥራት ችግር ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድመው ሌሎቹን ምክንያቶች ያስወግዱ። ዲስኩ ፋይናላይዝ ሳይደረግ (ጽሕፈቱ ሳይዘጋ) ቀርቶ ከሆነ ብዙ ዴኮች አያዩትም። ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲቪዲ-አርደብሊው የሚመልሰው ብርሃን ከ18 እስከ 30 በመቶ ሲሆን አንድ ጊዜ የሚጻፍበት ከ45 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ የደከመ ሌንስ ያለው ዴክ የመጀመሪያውን መለየት ያቅተዋል። ዲቪዲ-ፕላስ-አር የሚጠቀሙ ከሆነ ድራይቩ ዲስኩን «ዲቪዲ-ሮም» ብሎ እንዲመዘግበው ማድረግ የቆዩ ዴኮችን ያግባባል። ፋይሉም ዴኩ የማያውቀው ቅርጸት እንዳይሆን ያረጋግጡ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ዴኩ የሚሰናከለው ሁልጊዜ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ከሆነ፣ ያን ጊዜ የአጻጻፍ ጥራትን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የጅማ እርጥበት ዲስክን ይጎዳል? እንዴት ላስቀምጥ?

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ ሙቀቷ ለዲስክ የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው ዝናቡ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ተስማሚ ያለው 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 40 በመቶ የአየር እርጥበት ነው። የመጀመሪያው እዚህ ብዙ ሳይለፋ ሊቀረብ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በክረምት ያለ ርዳታ አይገኝም። እርጥበት በዳር በኩል ሰርጎ የብረት ንጣፉን ያዝገዋል፣ የዲቪዲን ሁለት ሰሌዳዎች ያጣበቀውን ሙጫ ያደክማል፣ በላዩም ሻጋታ ያበቅላል።

ዲስኩን በራሱ ጠንካራ ማቀፊያ አስገብተው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ማቀፊያዎቹን በደንብ በሚከደን የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ያስቀምጡ፤ ከረጢቱን በበጋ አድርቀው ወይም ቀይረው ይመልሱ። ሣጥኑ ከመሬትና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ። ለስላሳው የፕላስቲክ አልበም ለመሸከም ይመቻል፤ በእርጥበት ጊዜ ግን ከዲስኩ ገጽ ጋር ይጣበቃል፣ ስለዚህ ለማስቀመጫ አልመክረውም። የተጻፈ ዲስክ በመኪና መስታወት ሥር ለፀሐይ ተጋልጦ መዋሉ ከአንድ ክረምት እርጥበት የባሰ ጉዳት ሊያደርስበት ይችላል፤ ማቅለሚያው ለብርሃን ደካማ ነው።

በላዩ ላይ ተለጣፊ ወረቀት መለጠፍ ወይም በእስክሪብቶ መጻፍስ?

ተለጣፊውን ይተዉት፤ ሚዛኑን ያዛባል፣ በእርጥበት ይነሣል፣ ሲላጥም የሲዲን የመረጃ ንጣፍ ይዞ ሊወጣ ይችላል። በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከታች ሳይሆን ከላይኛው ቀለም ሥር ነው፤ ከሚያብረቀርቀው ገጽ እስከ መረጃው ያለው ፕላስቲክ 1.2 ሚሊሜትር ሲሆን ከላይ በኩል የሚጠብቀው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። በዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት የ0.6 ሚሊሜትር ሰሌዳዎች መካከል ስለሆነ ከላይ በኩል ይበልጥ የተጠበቀ ነው። በሁለቱም ላይ ለዲስክ ተብሎ በተሠራ ለስላሳ ማርከር፣ የሚቻል ከሆነ በመሃሉ ግልጽ ቀለበት ላይ ይጻፉ። ጫፉ ሹል የሆነ እስክሪብቶ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ከስንት ጊዜ አንዴ ልመርምር? መቼስ ወደ አዲስ ዲስክ ላዛውር?

የመጀመሪያው ምርመራ በተጻፈበት ቀን ወይም በማግሥቱ ይሁን፤ ውጤቱን በሥዕል አስቀምጠው ቀኑን፣ የአምራቹን ኮድ፣ ድራይቩንና የጽሕፈት ፍጥነቱን አብረው ይመዝግቡ። ያለዚህ መነሻ በኋላ የሚገኝ ቁጥር ትርጉሙ ግማሽ ነው፤ አማካይ ሲ-1 40 መሆኑ ከመነሻው 38 ለነበረ ዲስክ ሰላም ሲሆን፣ 3 ለነበረ ዲስክ ግን የመበስበስ ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ግዢ ጥቂት ዲስኮችን መመርመር ይበቃል። ከአንድ ግዢ አንዱ መድከም ከጀመረ የቀሩትን ሁሉ ይመርምሩ፤ አብረው የተሠሩ አብረው ያረጃሉ።

በሲዲ ላይ ሲ-2 ከታየና ማጽዳት ካላጠፋው፣ በዲቪዲ ላይ ፒአይኤፍ በብዙ ቦታ ከ4 ማለፍ ከጀመረ፣ ወይም ቁጥሩ ከመነሻው ብዙ እጥፍ ከሆነ፣ ዲስኩ ገና እየተነበበ ሳለ ያዛውሩት። ለዳታ ዲስኮች ዲቪዲዛስተር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ተጨማሪ የማረሚያ መረጃ አዘጋጅቶ በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ያስችላል፤ ከዲስኩ የተወሰነ ክፍል ሳይነበብ ቢቀር በእርሱ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ፋይሉ መዘጋጀት ያለበት ግን ዲስኩ ሙሉ በሙሉ በሚነበብበት ጊዜ ነው።

ማንበብ ያቆመ ዲስክ ይድናል?

በጉዳቱ ቦታ ይወሰናል። በሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ ያለ ቆሻሻ በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ሲጠረግ ይለቃል፤ ዙሪያውን አያሹት፣ መረጃው ዙሪያውን በተጻፈበት ዱካ አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት በማረሚያው ላይ ይበልጥ ይከብዳልና። ከዚያ በተለያዩ ድራይቮች፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞክሩ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ማንበቡ የተለመደ ነው። ዲቪዲዛስተር ከአንድ ድራይቭ ያነበበውን ክፍል ይዞ የጎደለውን በሌላ ድራይቭ እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል። የሲዲው የላይኛው ገጽ ተፍቆ ወደ ብርሃን ሲያዙት ቀዳዳ የሚታይበት ከሆነ ግን፣ በዚያ ቦታ የነበረው መረጃ ከንጣፉ ጋር ስለወጣ የትኛውም ፕሮግራም ሆነ ማለስለሻ አይመልሰውም።